የቁስለኛው መድኃኒትና የገበያው ትርፍ

በአንድ ከተማ ውስጥ የሕክምና ቤት ሊሠራ በታሰበ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሕመምተኛው «መንገዱ ምን ያህል ይርቃል?» ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ «በቀን ስንት ሰው ይመጣል?» ይላል። የሁለቱም ጥያቄ ስለ አንድ ቤት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የሚያስበው ስለ እግሩ ነው፥ ሁለተኛውም የሚያስበው ስለ ሱቁ ነው። ቤቱ የሚሠራው ጦር ሜዳ ውለው ለተመለሱ ወታደሮች በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ከዋጋ ጥያቄ አልፎ የፍርድ ጥያቄ ይሆናል። ወታደር ከአገሩ የሚቀበለው ሕክምና ምጽዋት አይደለም፥ ዕዳ ነውና። ዕዳውን የሚከፍል ሰው፥ ገንዘቡን በሚቆጥርበት ሰዓት ለራሱ ትርፍ የሚያስቀርበትን መንገድ ቢፈልግ ይፈቀድለታልን?

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ነው። ለዘመተ ወታደር የሚሠራውን ክሊኒክ፥ የመሀል ከተማው ንግድ እንዲያንሰራራ ብሎ በመሀል ከተማ ማቆም መልካም ሥራ ነውን ወይስ በደል? ይህ ክርክር በአሜሪካ ከተሞች ደጋግሞ ይነሣልና ማስረጃውም ከዚያ ይወሰዳል። ዓመታቱም የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የቀደሙት ነገሥታት ለቁስለኛ ወታደር ቤት ሲሠሩ ከከተማ ወጣ ያለ ስፍራ ይመርጡ ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1670 አንቫሊድ የተባለው ታላቅ ቤት እንዲሠራ ባዘዘ ጊዜ ስፍራው ከፓሪስ ውጭ የሚገኝ ሜዳ ነበረ። የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛም በ1682 በቼልሲ ያቋቋመው ቤት እንዲሁ ከለንደን ወጣ ብሎ በቴምዝ ወንዝ ዳር የቆመ ነበረ። ዛሬ ሁለቱም ቤቶች በከተማ መካከል ይገኛሉ። ይህም የሆነው ወታደሮቹ ወደ ከተማው ሄደው አይደለም፤ ከተማው እየሰፋ ወደ እነርሱ መጥቶ ነው እንጂ።

በአሜሪካም የእርስ በርሱ ጦርነት ሊፈጸም በተቃረበ ጊዜ፥ በማርች ወር 1865 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን፥ በፈቃዳቸው ዘምተው አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች መኖሪያ እንዲቋቋም የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። በማግሥቱም ባደረጉት ንግግር የጦርነቱን ሸክም የተሸከመውን ሰው፥ ሚስቱንና የሙት ልጁን መጠበቅ የሕዝቡ ግዴታ መሆኑን ተናገሩ። የመጀመሪያው መኖሪያ በ1866 በሜን ግዛት ቶገስ በተባለ ስፍራ ተከፈተ። ይህ ስፍራ አስቀድሞ ሀብታሞች ስለ ማዕድን ውሃው የሚመጡበት፥ ነገር ግን ሳይሠምርለት የቀረ የመዝናኛ ሆቴል ነበረ። ወታደሮቹ ከገቡበት በኋላ ግን ሀብታሞቹ ያላመጡት ገንዘብ መጣ። በ1890 ጠባብ ሐዲድ ያለው ትንሽ ባቡር ተሠርቶ ሰውና ከሰል ያመላልስ ጀመር። በኦሃዮ ግዛት በዴይተን የተሠራው መኖሪያም የአትክልት ስፍራው ከማማሩ የተነሣ፥ ቤተ ሰብ ሁሉ በባቡር እየመጣ የሚጎበኘው ሆኖ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው፥ ቁስለኛ ባለበት ስፍራ ገንዘብ እንደሚከተል ነጋዴው ያወቀው ዛሬ አይደለም።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከእነዚህ መኖሪያዎች በብዙዎቹ በር አጠገብ መጠጥ ቤቶች በረከቱ። ወታደሩ የጡረታ ገንዘቡን የሚቀበልበትን ቀን ከወታደሩ ይልቅ ባለ መጠጥ ቤቱ ይቈጥረው ነበር። ገንዘቡም በተቀበለበት ሳምንት ያልቅ ነበር። አስተዳዳሪዎቹም ሌላ መንገድ ቢያጡ በግቢው ውስጥ ራሳቸው ቢራ መሸጥ ጀመሩ፤ ሰውየው መጠጣቱ ካልቀረ በዓይናችን ሥር ይጠጣ፥ ትርፉም ለራሱ ለወታደሩ ይመለስ ብለው ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው፥ የሌላው ሕመም ለማይሰማው ሰው የቁስለኛ ጡረታ እንደ ማናቸውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ክሊኒኩ ለአካባቢው ንግድ ይጠቅማል» የሚል ቃል በተነገረ ጊዜ፥ አስቀድሞ «ለየትኛው ንግድ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንጀራና ሾርባ የሚሸጥም ነጋዴ ነው፤ በከባድ ወለድ የሚያበድርም ነጋዴ ነው። በ2006 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አበዳሪዎች ከወታደር በዓመት ከመቶ 36 በላይ ወለድ እንዳይቀበሉ ከልክሏል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው በአገልግሎት ላይ ያለውን ወታደርና ቤተ ሰቡን ነው፥ የተሰናበተውን አይደለም። ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው ደግሞ ይህ የተሰናበተው ነው።

ዛሬ ነገሩ መልኩን ለውጧል። ቀድሞ ወታደሩ ታሞ ይተኛ የነበረው በትልቅ ሆስፒታል ነበረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፥ ሕሙማን በየመንደራቸው አቅራቢያ ታይተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱባቸውን ክሊኒኮች አበዛ። በሕክምናው መዝገብ የተጻፉት ከ9 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ተመላላሽ ሕሙማን የሚታዩባቸው ስፍራዎችም ከ1 ሺህ በላይ ሆነዋል። ትልቅ ሆስፒታል በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ክሊኒክ ግን በኪራይ ቤት ይገባል፥ ውሉም ባለቀ ጊዜ ይዛወራል። ስለዚህ «የት ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ከተሞች ምክር ቤት ይነሣል፤ ተነሥቶም አይቀርም፥ ተመልሶ ይመጣል።

የአገሪቱ ሕግም በዚህ ነገር አንድ ቃል ብቻ አልተናገረም። በ1972 የወጣው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስፍራ ሲመርጡ ለገጠር ቅድሚያ እንዲሰጡ ያዝዛል። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፥ በከተማ ውስጥ ስፍራ የሚፈልግ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የመሀል ከተማውን የንግድ ሰፈር እንዲመለከት አዘዙ፤ የትእዛዙም አሳብ የደከሙትን ከተሞች ማጠናከር ነበረ። በ1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በመሀል ከተማ ያሉ ታሪካዊ ሕንፃዎች እንዲመረጡ ጨመሩበት። በ2025 በአፕሪል ወር ግን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሁለቱንም የፕሬዚዳንት ትእዛዛት ሻሩ። ትእዛዝ የተወው ነገር ሁሉ በሰው ሕሊና ላይ ይወድቃልና፥ ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ከበደ እንጂ አልቀለለም።

አሁን የነጋዴው ሒሳብ በእውነት ይመርመር። የሚመረመረው ሊነቀፍ አይደለም፤ ትክክለኛ ሒሳብ ለሁሉ ስለሚጠቅም ነው። ክሊኒክ በመሀል ከተማ ሲቆም ብዙ ዘመን ባዶውን የቆየ ሕንፃ ሰው ይገባበታል፤ መስኮቱ ይጠገናል፥ መብራቱ ይበራል። ሐኪሞቹ፥ አስታማሚዎቹና ጸሓፊዎቹ በየቀኑ ምሳ ይበላሉ፥ ቡና ይጠጣሉ። ቋሚው ደንበኛ ከሕመምተኛው ይልቅ እነርሱ ናቸው። ሕመምተኛው በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣልና። ሕንፃው የግለሰብ ሆኖ በኪራይ የተያዘ እንደ ሆነ ባለቤቱ ለከተማው የቤት ግብር ይከፍላል፤ የፌዴራል መንግሥት የራሱ ያደረገው እንደ ሆነ ግን ግብር አይከፈልበትም። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ትርፍ የሚቈጥሩ ሰዎች ያልዘሩትን ያጭዳሉ።

ከትርፉም የሚቀነስ አለ። መድኃኒት ሻጩ ብዙ ገበያ አገኛለሁ ብሎ ቢጠብቅ ተስፋው ከንቱ ነው፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ለተመላላሽ ሕሙማን ከሚታዘዙት ከ5 መድኃኒቶች 4 ያህሉ በፖስታ እየተላኩ በቤታቸው ይደርሳሉና። ማታ የሚሠራው ምግብ ቤትም ብዙ አያገኝም፤ ክሊኒኩ ቀን ሠርቶ ከምሽት በፊት ይዘጋልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሊኒኩ ከከተማው ዳር ተነሥቶ ወደ መሀል የተዛወረ እንደ ሆነ፥ መሀሉ ያገኘው ምሳ ዳሩ ያጣው ምሳ ነው። አንዱ ሱቅ ሲከፈት ሌላው ሱቅ ተዘግቷል። ከተማው በጠቅላላው ሲታይ ገንዘቡን ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ በግራ ኪሱ ከተተ እንጂ አልበለጸገም። እንግዲህ የነጋዴው ትርፍ እውነተኛ ቢሆንም፥ በስብሰባ ላይ እንደሚነገርለት ያህል ብዙ አይደለም።

የሕመምተኛውስ ሒሳብ? መኪና የሌለው፥ በአውቶቡስ የሚሄድ፥ በመሀል ከተማ በርካሽ ክፍል የሚኖር ወታደር መሀል ከተማን ይወዳል፤ መንገድ ሁሉ ወደዚያ ይወስዳልና። ነገር ግን ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች አንድ አራተኛው ያህል የገጠር ነዋሪ ነው። ለዚህ ሰው መሀል ከተማ ማለት የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ፥ ያልለመደው ግርግርና ከመኪናው እስከ በሩ በክራንች የሚሄድበት መንገድ ነው። መንግሥት ለሚገባቸው ሕሙማን የመንገድ ገንዘብ ለ1 ማይል 41.5 ሳንቲም ሲከፍል ቆይቷል፤ ገንዘቡ የነዳጅን ዋጋ ይሸፍን እንደ ሆነ እንጂ የጉልበትን ሕመም አይሸፍንም። በ2018 የወጣው ሕግም፥ ለተራ ሕክምናና ለአእምሮ ሕክምና ከ30 ደቂቃ በላይ፥ ለልዩ ሕክምናም ከ60 ደቂቃ በላይ የሚነዳ ሰው ወደ ሌላ ሐኪም ለመሄድ እንዲችል መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ደቂቃው የተለካው በመኪና ነው፤ መኪና ለሌለው ሰው 30 ደቂቃ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል።

በአእምሮው የቆሰለ ወታደርም አለ። እርሱ የሚፈራው ርቀትን ሳይሆን ድምፅንና ሕዝብን ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ገበያ መካከል የቆመ ክሊኒክ፥ መድኃኒቱን ከሕመሙ ኋላ እንደ መደበቅ ይሆንበታል። ደግሞም በተቃራኒው ከሰው ተለይቶ መኖር የጎዳው አለ። እርሱን ከከተማ ዳር፥ ከመጋዘኖች መካከል ወስዶ ማሳከም «አንተን ማየት አንወድም» እንደ ማለት ይቈጠርበታል። ለመሀል ከተማ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ እርሱም ከገንዘብ ጋር አንድነት የለውም። ሕዝብ ወደ ጦርነት የላከውን ሰው ሲመለስ በዓይኑ ሊያየው ይገባል። ሱቁን የሚከፍት ሰው በየማለዳው ክራንች የያዘውን ሰው ቢያይ፥ ጦርነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከጋዜጣ ሳይሆን ከጎረቤቱ ይማራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ሦስተኛ ሰው ይረሳል፤ እርሱም ቦታው የእርሱ የነበረ ሰው ነው። በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስና ጎርፍ ኒው ኦርሊንስን ባጠፋ ጊዜ በመሀል ከተማ የነበረው የወታደሮች ሆስፒታል ተዘጋ። በእርሱ ፋንታ አዲስ ሆስፒታል፥ ከግዛቱ የማስተማሪያ ሆስፒታል ጎን ለጎን፥ ከመሀል ከተማው አጠገብ በሚገኝ አሮጌ የመኖሪያ ሰፈር እንዲሠራ ተወሰነ። የሁለቱ ስፍራ በአንድነት 70 ኤከር ያህል ሆነ። ሰፈሩ በታሪካዊነቱ በአገሪቱ መዝገብ የተጻፈ ነበረ፤ ከነዋሪዎቹም ከጎርፉ በኋላ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አድሰው የተመለሱ ነበሩበት። የታሪካዊ ቤቶች ጠባቂዎች በፍርድ ቤት ተከራከሩ፥ አልረቱም። አንዳንዱ ቤት ተነቅሎ በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ የቀረው ፈረሰ። የወታደሮቹ ሆስፒታል ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በሩን ከፈተ፤ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ሆስፒታል የቆዩ ወታደሮችም እጅግ ፈልገውት ነበረ።

ይህን የሚሰማ ሰው የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን ወይን ያስባል። ንጉሡ አክዓብ ናቡቴን ሌላ የተሻለ ወይን ወይም ዋጋውን ልስጥህ ብሎት ነበር፤ ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች አንድ ማድረግ አይገባም። አክዓብ የፈለገው ለራሱ የአትክልት ስፍራ ነበረ፥ ኤልዛቤልም በሐሰት ምስክር ደም አፈሰሰች፤ በኒው ኦርሊንስ የተፈለገው የድውያን ቤት ነው፥ ቦታውም በሕግና በካሣ ተወሰደ። ቢሆንም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ዋጋው ስለ ተከፈለ ርስቱን ያጣ ሰው ምንም አላጣም ብሎ ማሰብ ነው። ቁስለኛን ለማዳን ሌላውን ማቁሰል ግድ ከሆነ፥ ቢያንስ የቆሰለው ሰው እንደ ቆሰለ ይታወቅለት፤ «ሰፈሩ ለማ» ተብሎ ዘፈን አይዘፈንበት።

ተቃራኒውም ነገር ደርሷል። በደቡብ ዳኮታ ግዛት ፍል ውሃ ያለባት ሆት ስፕሪንግስ የተባለች ትንሽ ከተማ አለች። በ1907 ለወታደሮች የተከፈተ የሕክምና ቤት ስላለባት ኑሮዋ ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2011 መሥሪያ ቤቱ ይህን ቤት ዘግቶ ሥራውን ወደ ትልቂቱ ከተማ ወደ ራፒድ ሲቲ ለማዛወር አሳብ ባቀረበ ጊዜ ሕዝቡና ወታደሮቹ አብረው ተቃወሙ። ከተማዋ እንጀራዬ ይቀርብኛል አለች፤ ወታደሮቹ ጸጥታውና የተራራው አየር ይቀርብናል አሉ። በዚህ ስፍራ የገበያውና የሕመምተኛው ቃል አንድ ሆኖ ተሰማ። ነገር ግን የሁለቱ ቃል አንድ ስለ ሆነ ክብደቱም አንድ ነው አይባልም። ወታደሮቹ ሌላ ስፍራ ይሻለናል ቢሉ ኖሮ የከተማዋ እንጀራ ብቻውን ሊያቆያቸው አይገባም ነበረ። ድውይ ለከተማ ማገዶ ሆኖ ሊነድድ አልተፈጠረምና።

ምናልባት «ታዲያ ትርፍ ኃጢአት ነውን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም። የራሳችን ዋና ከተማ የቆመችው በምንድር ነው? የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ብርዳማ ተራራ ላይ ሳለ፥ መኳንንቱና ወታደሩ ወደ ሜዳው እየወረዱ በፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ስፍራውን ወደዱት፥ ቤትም ተሠራበት፥ አዲስ አበባም ተባለ። የአጥንት ሕመሙን ሊያሽር የወረደ ሰው ድንኳን ተከለ፤ በድንኳኑ አጠገብ እንጀራ ሻጭ ተቀመጠ፤ ከእንጀራ ሻጩ ቀጥሎ ገበያና መንገድ መጣ። ዛሬም በከተማዪቱ ምዕራብ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያለበት ሰፈር፥ የባቡሩ ጣቢያ ጭምር፥ በወታደሩ ስም ይጠራል። በዚህ ሁሉ ነውር የለም። አስቀድሞ ውሃው ነበረ፥ ቀጥሎ ሕመምተኛው መጣ፥ ከሁሉ በኋላ ገበያው ተከተለ። ውሃውን ወደ ገበያው ያዛወረ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቅኔ ትምህርት ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር አለ። አንጥረኛ ሰሙን የሚቀርፀው ወርቁን ሊያፈስበት ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ከወጣ በኋላ ወርቁ በስፍራው ይፈስሳል። ሰሙን ጠብቆ ወርቁን የሚያፈስ ግን አንጥረኛ አይባልም። የመሀል ከተማው መልማት፥ የኪራዩ ገንዘብ፥ የምሳው ሽያጭ ሰም ናቸው፤ የሕመምተኛው መዳን ወርቅ ነው። ሰም ያለ ወርቅ፥ ወርቅም ያለ ሰም ሥራ አይሆኑም። ስለዚህ ነጋዴው ከስብሰባው አይባረር፤ ነገር ግን ተራው ሁለተኛ ይሁን።

ይህም በቃል ብቻ እንዳይቀር የሚለይበት መንገድ አለ። የአንድ ከተማ ሹማምንት ስፍራ ሲመርጡ የንግዱን ትርፍ በአሳባቸው ከሒሳቡ ይሰርዙት፤ አንዲት ኩባያ ቡና እንኳ የማትሸጥበት ቢሆን ይህን ስፍራ እንመርጠው ነበርን? ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎን» ከሆነ፥ ትርፉ በኋላ ቢመጣ በረከት ነው፤ «አይደለም» ከሆነ ግን ክሊኒኩ ለወታደሩ ሳይሆን ለባለ ሕንፃው የሚሠራ ነው። ቀጥሎም ከሚገኘው ትርፍ ለወታደሩ የሚመለሰውን አስቀድመው ይወስኑ፤ ያለ ዋጋ የሚቆምበት የመኪና ስፍራ፥ እስከ በሩ የሚደርስ አውቶቡስ፥ ለእርሱና ለልጆቹ ሥራ ይሁን። ሦስተኛም በመሀል ከተማው በርካሽ ክፍል የሚኖሩትን ሰዎች ይቍጠሩ። ሰፈሩ በለማ ጊዜ ኪራይ ይወደዳል፤ ክሊኒኩ ቀርቦለት ደስ ያለው ድሃ ወታደር ከሁለት ዓመት በኋላ ኪራዩን አጥቶ ወደ ዳር ይሰደዳል፥ ወደ ክሊኒኩም ከቀድሞው ይልቅ ከሩቅ ይመጣል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የተባለው በዚህ ጊዜ ይፈጸማል፤ መድኃኒቱ ራሱ ምሳር ሆኗልና።

ሲላክ «ምን ትጠቅመኛለህ?» ያልተባለ ሰው የለም፤ ወታደር የተላከው ስለሚጠቅም ነው። አካሉን ሰጥቶ ከተመለሰ በኋላ ግን ሁለተኛ ጊዜ «ምን ትጠቅመኛለህ?» ሊባል አይገባውም። ምክር ቤቱ በተሰበሰበበት ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ለእርሱ ይቅረብ፤ ጥያቄውም «በየትኛው መንገድ መምጣት ይቀልልሃል?» የሚል ይሁን።